ኮኮናት፣ ጉሎ፣ ጆጆባ ወይስ አርጋን? ለከርዳዳ ጸጉር የሚሆነውን ዘይት ለመምረጥ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ዘይት ጸጉርን አያረጥብም። የሚያረጥበው ውሃ ነው። ዘይት የሚችለው ሁለት ነገር ነው፦ አንዳንዱ ጸጉሩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ አንዳንዱ ላዩ ላይ ተቀምጦ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ደረቅ ጸጉር ላይ ዘይት ደራርቦ መቀባት ድርቀቱን አብለጭልጮ ከማሳየት አያልፍም።

ከርዳዳ ጸጉር ከሉጫው ይልቅ ዘይት የሚፈልግበት ምክንያት አለው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በተጠቀለለ ጸጉር ላይ እስከ ጫፍ መውረድ ይከብደዋል። ሥሩ ወዛም ሆኖ ሳለ ጫፉ ደርቆ የሚሰባበረው ለዚህ ነው።

ኮኮናት ወይስ ጉሎ?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው። ሞለኪውሉ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ጸጉሩ ውስጥ ይዘልቃል። በ2003 የወጣ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍ አበባና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር። ጸጉር የሚያጣውን ፕሮቲን በደንብ የቀነሰው ኮኮናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ቦታው ከመታጠብ በፊት ነው። ማታ ቀብቶ ጠዋት መታጠብ ይቻላል። ቀለም ወይም የካውያ ሙቀት ለጎዳው ጸጉር እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ሁሉም ሰው ግን አይስማማውም። ደጋግመው ሲቀቡት ጸጉራቸው የሚደርቅና የሚሻክር አሉ። እንደዚያ ከሆነባችሁ አትታገሉት፣ ተዉት።

ጉሎ ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ጠብታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጣታችሁን አላቁት። እንደ ማር ይሳባል። ይህ ውፍረት የሚመጣው ሪሲኖሌይክ አሲድ ከሚባለው ቅባት ነው፤ ከዘይቱ 90 በመቶ ገደማው እሱ ነው። ስለዚህ ላይ ላዩን ይሸፍናል፣ የደረቀ ጫፍንም ይይዛል። ብቻውን በብዛት ሲቀቡት ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ሲታጠቡትም አልለቅ ይላል። አንድ እጅ ጉሎ በሁለት ወይም በሦስት እጅ ቀላል ዘይት አቅጥኖ፣ እርጥብ ጸጉር ጫፍ ላይ መቀባት ይበቃል።

ጸጉር ያሳድጋል የሚለው ዝናውስ? ይህን የሚያረጋግጥ አጥጋቢ ጥናት የለም። ጫፉ መሰባበሩን ሲተው ጸጉሩ ረዘም ብሎ ይታያል፤ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከሥሩ ያበቅላል ተብሎ ለተጻፈ ጠርሙስ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ጥቁሩ የጃማይካ ጉሎም ያው ጉሎ ነው፤ ፍሬው ስለሚቆላ ነው የሚጠቁረው፣ ጭስ ጭስ የሚሸተውም።

ቀለል ያሉት

ጆጆባ በትክክል ከተናገርን ፈሳሽ ሰም ነው። ከቆዳችን ወዝ ጋር ይቀራረባል፣ አይከብድም፣ ቶሎም አይበላሽም። የራስ ቆዳው ለሚደርቅበትና ዘይት ሁሉ ለሚከብደው ሰው ምርጫዬ ይሄ ነው። ጉሎን ለማቅጠንም ይሆናል።

አርጋን ጥሩ ዘይት ነው። ያለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚህ በላይ ተአምር የለውም። ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። ፊት ለፊት "አርጋን" ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ጠርሙሱን አዙሩት። ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ሳይክሎፔንታሲሎክሳን ወይም ዳይሜቲኮን ከሆነ፣ የያዛችሁት አርጋን ጠብ የተደረገበት ሲሊኮን፣ ማለትም ጸጉርን የሚያለሰልስ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። ሲሊኮን መርዝ አይደለም፤ ጸጉርን ለማፍታታት እንዲያውም ደህና ነው። በአርጋን ዋጋ መግዛቱ ነው የሚያናድደው። ንጹሁ ላይ አርጋኒያ ስፒኖሳ ከሚለው የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ሌላ ብዙም አታገኙም።

የወይራ ዘይት ለጸጉር ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የታሸገውን መግዛት አያስፈልግም። ለምግብ የሚሸጠው ያው ነው።

ፎረፎር ያለበት ሰው ግን ወይራውንም ሆነ ሌላውን የዕፅዋት ዘይት የራስ ቆዳው ላይ ባያሸው ይሻላል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ዘይቱ ጸጉሩ ላይ ይቅር፣ ለቆዳው የፎረፎር ሻምፑ ይሁን።

አሁንም መወሰን ካቃታችሁ

የታጠበና ምንም ያልተቀባ ጸጉር ላይ ውሃ ርጩበት። ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ላዩ ላይ ከቆየ ጆጆባን ወይም አርጋንን ሞክሩ፤ ጉሎ ይከብድባችኋል። ወዲያው መጥጦት ወዲያው ከደረቀ ግን ወፈር ያለውን ይፈልጋል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም፣ መነሻ ግን ይሆናል።

መጀመሪያ ትንሹን ጠርሙስ ግዙ፣ ጠቆር ያለ ብርጭቆ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል፤ ብርሃን ዘይትን ያበላሻል። ኮኮናት ከ24 ዲግሪ በታች ሲሆን ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት፣ መዳፍ ላይ ይቀልጣል። የሚደፋው ሽታው የተለወጠው ነው።