አስማሚዋን አመስግኑልኝ

በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት መምሪያ ውስጥ አንዲት አስማሚ፣ ማለትም ሠራተኛና አሠሪ ሲጋጩ የሚያቀራርቡ ባለሙያ፣ አሉ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ነው። ሳላስፈቅድ ስማቸውን አልጠራም። ሥራቸውን ግን መናገር አለብኝ፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ መኖሩን ሳያውቅ ገንዘቡን ትቶ ከሥራ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።

የኛ ጉዳይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነበር። ሥራ ሲበዛ ያስመሹናል፣ በዕረፍት ቀናችንም ይጠሩናል። ክፍያ ስንጠይቅ "ደመወዛችሁ ውስጥ ተካቷል" ይሉናል። የሥራ ውላችን እንዲህ አይልም። ማኅበራችን ደብዳቤ ቢጽፍም መልስ ጠፋ። ነገሩ ከረረ፤ አድማ እንምታ የሚለውም በዛ። አቤቱታችንን ወደ መምሪያው ይዘን የሄድነው በዚህ መሃል ነው።

አስማሚዋ ገና ሲጀምሩ "እኔ ዳኛ አይደለሁም" አሉን። "የምፈርድላችሁም የምፈርድባችሁም ነገር የለም። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደሚወስነው አካል ይሄዳል። እዚህ እስካላችሁ ግን ውሳኔው በእጃችሁ ነው።" ከመካከላችን ቅር ያለው ነበር። አንድ ባልደረባችን "ታዲያ ለምን መጥተው አይቀጧቸውም?" ብሎ ጠየቃቸው። ቁጥጥር የሌላ ባለሙያ ሥራ መሆኑን ነገሩት። "እኔ ቅጣት ይዤ ከመጣሁ አሠሪያችሁ መዝገቡን አይከፍትልኝም፣ የልቡንም አይነግረኝም" አሉ።

በኋላ ሳነብ ይህ አሠራር ሥር ያለው ነገር መሆኑን አየሁ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 81፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ትልቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቁጥጥር የሚመለከተው የሥራ ቦታ ውስጥ ቀንም ሆነ ሌሊት ሳያስታውቅ መግባት ይችላል። አቤት ያለውን ሰው ማንነትም በምስጢር ይይዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ ተቆጣጣሪው በሥራ ክርክር አስማሚ ወይም የግልግል ዳኛ መሆን የለበትም ይላል። እኔ በበኩሌ ትክክል ነው እላለሁ። የሚቀጣህ ሰው ፊት ማን ልቡን ይከፍታል?

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። መጀመሪያ እኛንና አሠሪውን ለየብቻ አነጋገሩን። ከዚያ ወረቀት ጠየቁ፤ የሥራ ውል፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የመግቢያና መውጫ ፊርማ። "ብዙ ቀን አምሽተናል" የሚለው አነጋገር እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ? ይህን በየወሩ እየለዩ አስጻፉን። ሠንጠረዡ ሲያልቅ የሁለታችንም ሰነድ የሚስማማባቸው ቀናት ብዙ ሆነው ተገኙ። ክርክሩ በቀሩት ላይ ብቻ ሆነ። አንዳንዶቻችን በምትኩ ዕረፍት የወሰድንባቸው ቀናትም ነበሩ፤ እነሱን ያለ ማመንታት አስወጡ። አሠሪው አስማሚዋን ማመን የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ለኛ አድልተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይፈርስ ነበር።

በመጨረሻ ውዝፉ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማማን። ከእንግዲህ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚታዘዘው በጽሑፍ፣ በኃላፊ ፊርማ ነው። ቃለ ጉባኤው ተነብቦልን፣ ሁለቱም ወገን ፈርመን፣ ቅጂ ተሰጠን። አድማውም ቀረ። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የዚያው ድርጅት የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 92 ማስማማት ያለ ክፍያና በፍጥነት እንዲሆን፣ ሂደቱ እስኪያልቅም ሠራተኛው ከአድማ፣ አሠሪውም ሥራ ከመዝጋት እንዲቆጠቡ ይመክራል። እኛም ምንም ክፍያ አልተጠየቅንም። ፍጥነቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ለአንድ ባለሙያ የሚጫነው ፋይል ከአቅም በላይ ነው። ይህ የሳቸው ጥፋት አይደለም፤ መምሪያው ተጨማሪ አስማሚ ያስፈልገዋል።

እንደኛ ዓይነት ጉዳይ ላላችሁ የምጠቁመው ይህን ነው። ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ወደ መምሪያው ሂዱና ጠይቁ። ይርጋ የሚባል ነገር አለ፤ ቀኑ ካለፈ እውነቱ ከናንተ ጋር ቢሆንም ክሱ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት "የኔ ጉዳይ እስከ መቼ ነው የሚቀርበው?" የሚለውን ይሁን። "ሒሳቤን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ" የሚል ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። ያመሻችሁበትን ቀንና ሰዓት በየዕለቱ በደብተር ያዙ፤ እኛን የጠቀመን እሱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ በብዙ አገር ጉዳያችሁ በሌላ ሕግ ስለሚታይ አስቀድማችሁ አጣሩ።

"አቤት ካልኩ ያባርሩኛል" የሚለው ስጋት እኛም ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 አሠሪ ሕግ ጥሷል ብሎ አቤት ማለት ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። አገራችሁ ተቀብላው እንደሆነ፣ የራሷ ሕግስ ምን እንደሚል መምሪያው ውስጥ ይነግሯችኋል። አስማሚዋ ይህን ለአሠሪያችንም በእርጋታ አስረድተውታል። ከመካከላችን የተነካ ሰው የለም።

እመቤቴ፣ ይህን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ክበሩልን። የመጨረሻው ክፍያም ገብቶልናል።