ጅማ ውስጥ ርካሽ ሜገር ልትገዙ ያሰባችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ጅማ መርካቶ በኩል ካሉት የኤሌክትሪክ እቃ ሱቆች አንዱ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ አይነታቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ምን ብትጠይቁ መልሱ «ኦሪጅናል ነው» ነው፣ ደረሰኝ ስትሉ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል።

እኔ ሜገር፣ ማለትም የሽቦ ሽፋን (ኢንሱሌሽን) ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ መቻሉን የሚለካውን እቃ፣ በየቀኑ አልጠቀምም፣ ዋናው ስራዬ የቤት ዝርጋታ ነው። ግን ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ ሲቃረብ እዚህ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያ ሁሉ የመፈልፈያና የፓምፕ ሞተር እርጥበት ውስጥ ተገትሮ ከርሞ በአንዴ አስነሱልን ይባላል። ሳይለኩ ብሬከር መስጠት ማለት ወይ ዋይንዲንጉን (የሞተሩን ጥምጥም ሽቦ) ማቃጠል ነው ወይ ቦዲው ላይ ኤሌክትሪክ ለቆ የቀን ሰራተኛውን መግደል ነው። መልቲሜትር ለዚህ አይሆንም፣ እሱ የሚልከው የባትሪውን ጥቂት ቮልት ስለሆነ እርጥብ ኢንሱሌሽን ደህና መስሎ ያልፈዋል። ለ220/380 መስመር 500 ቮልት ዲሲ ተለቆበት ኢንሱሌሽኑ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መያዝ አለበት። እኔም የፈለግኩት ለዚች ወቅት የምትሆን ርካሽ ሜገር ነው፣ ትልቅ ነገር አልጠየቅኩም።

የሱቁ ልጅ ዲቲ 266 የሚባለውን ክላምፕ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ እቃ) አወጣ። «ጋሼ ይሄን ይውሰዱ፣ ክላምፕም ነው ሜገርም ነው፣ ለምን ለሁለት እቃ ያወጣሉ?» አለኝ። ዝም ብዬ አልገዛሁም፣ በግልጽ ጠየቅኩት፣ «500 ቮልት ይለቃል ወይ?» «ይለቃል ጋሼ፣ ዋላሂ» ብሎ መዞሪያውን 2000 ሜጋ ኦም ላይ አደረገውና ስክሪኑን አዞረልኝ፣ ቁጥሩ ይሯሯጣል፣ «ይኸው እየለካ ነው» አለ። ከፈልኩ።

አጋሮ ያለ ደንበኛ ጋ ሄጄ የመፈልፈያውን ሞተር ከመስመር ነቅዬ አንዱን ገመድ ዋይንዲንጉ ላይ ሌላውን ቦዲው ላይ ሳደርግ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል አይቆምም። ገመዶቹን ከሞተሩ አንስቼ በአየር ላይ ያዝኳቸው፣ አሁንም ይወጣል ይወርዳል። ምንም ያልነካ እቃ ምን እየለካ ነው? ኦም ላይ አደረግኩት፣ 1 ብሎ ቆመ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ እቃው ከሚለካው በላይ ነው፣ በእሱ ቢኬድ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ማኑዋሉን ያን ጊዜ ገልጬ አየሁ፣ የኢንሱሌሽኑ ቦታ የሚሰራው 261 የሚባል ለብቻው የሚሸጥ እቃ ሲሰካበት ብቻ ነው ይላል፣ 500 ቮልቱ የሚወጣው ከዛኛው ነው። ክላምፑ ላይ ሶስተኛ ቀዳዳ ያለውም ለሱ ነው። ሞተር የሚጠመጥም ጓደኛዬ በእጅ የሚዞረውን አሮጌ ሜገሩን ላከልኝ፣ ያው ሞተር 0.3 ሜጋ ኦም አነበበ። አስቡት እንግዲህ፣ «ደህና ነው» ብዬ ብሬከሩን ብሰጠው ኖሮ።

ትናንት ከሰዓት እቃውን ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። ማኑዋሉን ገልጬ መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። ልጁ አላነበበውም፣ አልደነገጠም፣ አልፈለገም እንኳን፣ ጎንበስ አለና እጁን በቀጥታ ከመስታወቱ ስር ሰዶ ያቺን 261 አወጣት፣ ሶስት መሰኪያ ያላት ትንሽ እቃ፣ ባንኮኒው ላይ ጣል አደረጋትና «እሱን ከፈለግክ ይሄን ትጨምራለህ» አለኝ። ዋጋዋ ክላምፑን ሊደርስ ምንም አይቀረው። ዋላሂ እያለ ሲምልልኝ እቃዋ እግሩ ስር ነበረች! የት እንዳለች ሳያይ ነው ያነሳት! ብሬን መልስልኝ ስለው «ኤሌክትሪሺያን ነኝ እያልክ ይሄን አታውቅም እንዴ ሰውዬ?» አለ ሰው ፊት፣ ሽቦ ሊገዙ የቆሙት ሳቁ። ባለቤቱ ካልኩሌተሩ ላይ አቀርቅሮ ቀና እንኳን ሳይል ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በእስክሪብቶው አሳየኝ፣ የተሸጠ እቃ አይመለስም። እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፣ ይለቃል ወይ አይለቅም፣ እሱን ዋሽቶ ነው የሸጠልኝ፣ አሁን ደግሞ አላዋቂው እኔ ሆንኩ። የቤት መብራት ቢሆን ይለፍ፣ ይሄ እኮ የሰው ነፍስ የሚታመንበት እቃ ነው፣ እነሱ ጋ ግን ከአምፖልም አይለይም።

እቃው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ክላምፑ ለአምፔር ይሰራል። ሜገር ብሎ መሸጥ ግን ውንብድና ነው።

ለምትገዙ፣ ሌላ መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ 1000 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ የሜገሩን ሁለት ገመድ ከሱ ገመዶች ጋር አገናኙና ቴስት ይጫኑላችሁ፣ 500 አካባቢ ካላነበበ እዛው ጥላችሁት ውጡ። ደረሰኙ ላይም «500 ቮልት ኢንሱሌሽን ቴስተር» ብለው ይጻፉ፣ አንጽፍም ካሉ አትክፈሉ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚፈልገው ደግሞ ሞተር ጠምጣሚዎቹ ጋ ሄዶ ለአንድ ቀን ማከራየት ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል፣ እኔም ለቀሩት ሞተሮች እሱን እያደረግኩ ነው።