«የዳፊ ዳክ ኦሪጅናል ሴል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እንዳትገዙ

ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው 240 ዶላር ከተበላሁ በኋላ ነው። ልጆች ያላችሁ፣ የድሮ ካርቱን የምትወዱ፣ እባካችሁ ትንሽ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ «ከአዲሱ የሉኒ ቱንስ ፊልም የወጣ፣ በእጅ የተቀባ ኦሪጅናል ሴል» እያሉ ስዕል የሚሸጡ አሉ። ውሸት ነው። ሴል ማለት ድሮ ካርቱን ሲሠራ የሚቀባበት ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ከዚያ ፊልም የወጣ ሴል የሚባል ነገር የለም።

ነገሩን ከፊልሙ ልጀምር። ፊልሙ «ዘ ደይ ዘ ኧርዝ ብሉ አፕ» ይባላል። ዋናዎቹ ዳክዬው ዳፊና አሳማው ፖርኪ ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፖርኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው 1935 ላይ ነው፤ ዳፊ ደግሞ 1937 ላይ። አዲሱን ፊልም ያዘጋጀው ፒተር ብራውንጋርት ነው፤ የሁለቱንም ድምፅ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፣ ኤሪክ ባውዛ። በ2024 ፈረንሳይ አገር በአንሲ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ታየ፣ አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው ማርች 14 ቀን 2025 ነው። ከዚያ በፊት በእነዚህ ገጸ ባሕርያት የተሠሩት የሲኒማ ፊልሞች ወይ ከሰው ተዋንያን ጋር የተቀላቀሉ ነበሩ፣ ወይ የድሮ አጫጭር ካርቱኖች ተገጣጥመው ነው ፊልም የሆኑት። ይሄኛው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዲስ ታሪክ፣ ሙሉ በሙሉ ካርቱን፣ ያውም በእጅ የተሳለ።

እኔ ልጅ ሆኜ እነዚህን ካርቱኖች ያየኋቸው አዲስ አበባ፣ ጎረቤት ቤት፣ ከቪዲዮ ቤት በተከራየ ካሴት ነው። ቋንቋውን አንዱንም አልሰማም ነበር፤ ግን ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ፊልሙ ሲወጣ የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ፣ እሱም ልክ እንደኔ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቤት ሲገባ ወረቀት አውጥቶ ዳፊን መሳል ጀመረ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አላቆመም። ለልደቱ ምን እንግዛለት ስንባባል ነው እንግዲህ ያ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ የመጣው።

ማስታወቂያው ያምራል። ዳፊ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ከኋላው ሰማይ። «ፊልሙ ሲሠራ አገልግሎት ላይ የዋለ ሴል፣ ከሰርተፊኬት ጋር፣ አንድ ብቻ የቀረ» ይላል። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ ወዲያው መለሰ፣ በጣም ትሁት ነው። ካርድ አልቀበልም፣ በዜል (ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎት ነው) ላክልኝ ብሎ 20 ዶላር ቀነሰልኝ። 240 ዶላር ላክሁ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ተጨማሪ ሰዓት የሠራሁበት ገንዘብ ነው።

እቃው በሳምንቱ ደረሰ። ባለ ወርቃማ ማኅተም ሰርተፊኬት አለው። ደስ ብሎኝ ፍሬም ለማስገባት ሰፈራችን ያለ ፍሬም ቤት ወሰድኩት። የሚሠሩት ሴትዮ በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው፣ ስዕሉን ገልብጠው ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ትንሽ አጉሊ መነጽር አውጥተው አዩት፣ ዝም አሉ፣ በመጨረሻ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝና «እስኪ አንተም እየው» አሉኝ። አየሁት። የዳፊ ጥቁር ላባ ትንንሽ ነጠብጣብ ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ተሰብስቦ ነው ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው። የፕሪንተር ሥራ ነው። እዚያው ቆሜ ፊቴ ጋለ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ያስረዱኝንና ራሴ አንብቤ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ባውቅ ኖሮ አልሸወድም ነበር።

ሴል እንዳልኳችሁ ግልጽ የፕላስቲክ ወረቀት ነው። ድሮ ካርቱን ሲሠራ ሰዓሊው መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይስላል። ከዚያ ሌሎች ሠራተኞች መስመሩን በፕላስቲኩ ፊት ለፊት በቀለም ይገለብጡታል፣ ገልብጠው ደግሞ በጀርባ በኩል ቀለሙን ይሞላሉ። ያ ፕላስቲክ ለብቻው በተሳለ መልክአ ምድር ላይ ይነጠፍና በካሜራ ይነሳል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው። 90 ደቂቃ ካላችሁ 129,600 ምስል ይሆናል። ብዙ ጊዜ አንዱን ስዕል ሁለት ሁለቴ ያነሱታል፣ እንዲያም ሆኖ ሥራው ተራራ ነው። እነዚያ ሴሎች ሥራቸው ሲያልቅ የሚከበሩ ነገሮች አልነበሩም። ብዙዎቹ ታጥበው እንደገና ተሠርቶባቸዋል፣ ብዙዎቹ ተጥለዋል። ለዚህ ነው ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የተረፈ እውነተኛ ሴል በጣም ውድ የሆነው።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ አሠራር ቀርቷል። ዲዝኒ በ1990 ባወጣው ፊልም ቀለም መቀባቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር አዞረ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ «በእጅ የተሳለ» ሲባል ሰዓሊው በእጁ ስሏል ማለት ነው፤ እውነት ነው፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በእጁ ይስላል፣ ድካሙም ያው ነው፤ ቀለሙና መልክአ ምድሩ ግን የሚገጣጠመው በኮምፒውተር ውስጥ ነው። ካሜራ ስር የሚነጠፍ ፕላስቲክ የለም። ስለዚህ በ2024 ለታየ ፊልም «አገልግሎት ላይ የዋለ ሴል» ብሎ መሸጥ አይቻልም። አጭበርባሪዎቹ የሚጫወቱት «በእጅ የተሳለ» በሚለው ቃል ነው። ሰው ያን ሲሰማ ብሩሽና ቀለም ይታየዋል። ለእኔም የታየኝ ያ ነው።

በጣም የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ያ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ሞዴል በሚሠራበት ዘመን፣ እነዚህን ገጸ ባሕርያት በእጁ መልሶ ነፍስ ዘርቶባቸዋል። አንዱ ደግሞ የፊልሙን ምስል ከስክሪን ላይ አንስቶ በፕላስቲክ ያትምና በእነሱ እጅ ስም ገንዘብ ይሰበስባል።

ሰርተፊኬቱንም በደንብ ሳነበው ሌላ ነገር አገኘሁ። ጥግ ላይ በትንሹ «37/500» ይላል። ከ500 ቅጂ 37ኛው ማለት ነው። ፊልም ሲሠራ አገልግሎት ላይ የዋለ ሴል አንድ ነው፣ 500 ሊሆን አይችልም። «ሰርተፊኬት አለው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያትመዋል።

የድሮ ካርቱን ሴል መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ እቃውን ራሱን አገላብጣችሁ እዩ። በጀርባው ቀለሙ ወፈር ብሎ፣ ብሩሽ ያለፈበት እየታየ፣ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። የእኔው ጀርባው እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ጠርዙ ላይ ወረቀቶቹን አሰልፎ ለመያዝ የተበሱ ቀዳዳዎች ይኖራሉ፣ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አንድ ክብ፣ ግራና ቀኝ ረዘም ያሉ ሁለት። ጥጉ ላይ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ተራ ቁጥር። ገጸ ባሕርዩና መልክአ ምድሩ በአንድ ፕላስቲክ ላይ አብረው ታትመው ካያችሁ ተዉት። አጉሊ መነጽር ከሌላችሁ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ነጠብጣቡን ፈልጉ። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ ስትሉት ሰበብ ካበዛ ደግሞ እዚያው ተሰናበቱት።

ታትመው በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡ ስዕሎችም አሉ፣ እነሱን ማለቴ አይደለም። «ይህ ኅትመት ነው፣ ይህን ያህል ቅጂ አለው» ብሎ በግልጽ ጽፎ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጥ ሰው አላጭበረበረም። ግድግዳ ላይ ያምራሉ፣ ልጅም ይደሰትባቸዋል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ለማታውቁት ሰው በዜል አትላኩ። ባንኬ ጋ ስደውል ራስህ ፈቅደህ ስለላክኸው መመለስ አንችልም አሉኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ የተባለው እቃ አይደለም ብዬ ልከራከር የምችልበት መንገድ ነበረ። ሻጩ ካርድ አልቀበልም ሲል 20 ዶላር የቀነሰልኝ ለዚሁ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ገንዘቤን መልስልኝ ብዬ ስጽፍለት «ሽያጩ የመጨረሻ ነው» አለኝ፣ በሁለተኛው መልእክቴ ብሎክ አደረገኝ። ለኤፍቲሲ፣ ማለትም ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ገንዘቤን ያስመልሱልኛል ብዬ አይደለም፣ መዝገብ ላይ እንዲውል ነው። እናንተም የደረሰባችሁ ካለ የማስታወቂያውን ፎቶና የተጻጻፋችሁትን ሳታጠፉ አስቀምጡ።

ልጄን ነገርኩት። ስዕሉን አየው፣ ገለበጠው፣ «ታዲያ እኔ የሳልኩት ይሻላል» አለኝ። ፍሬሙ ውስጥ ያስገባሁት የእሱን ነው፣ ሴትዮዋም የእጅ ዋጋ አልተቀበሉኝም።

ይህን ከመለጠፌ በፊት በቴሌግራም ግሩፓችን ጽፌው ነበር። አንዲት እህት ከዳላስ ፎቶ ላከችልኝ። ያው ዳፊ፣ ያው ሰማይ፣ አፉም ያው። እሷም «አንድ ብቻ የቀረ» ተብላ ነው የገዛችው። የእሷ ሰርተፊኬት ላይ ያለው ቁጥርም 37/500 ነው።