ከቦንዳ የወጣ ስሊፒንግ ባግና ድንኳን፦ የቱን ገዝቶ የቱን መተው

ድሬዳዋ ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ላይ በቀትር ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) የሚገዛ ሰው ውስጡ ገብቶ ልሞክረው አይልም፤ ገና ሲያየው ያልበዋል። ሻጩም እንደ ማንኛውም ብርድ ልብስ በስፋቱና በቀለሙ ዋጋ ያወጣለታል እንጂ ውስጡ በምን እንደተሞላ ግድ አይሰጠውም። በዚህ የተነሳ ጥሩውና መጥፎው እኩል ይጠራሉ፣ አንዳንዴም ጥሩው ይረክሳል። ከዚህ በታች ያለው ግምገማ ከቦንዳ ስለሚወጡት፣ ሳልቫጅ ስለምንላቸው ስሊፒንግ ባጎችና ድንኳኖች ብቻ ነው።

በበልግ ቁንዱዶ ተራራ ወይም ባቢሌ ሊያድር ያሰበ ሰው ዕቃውን መፈተን ያለበት አሁን፣ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረማያና ሐረር ስንደርስ ከ1,900 እስከ 2,000 ሜትር ይሆናል፤ የቁንዱዶ አናት ደግሞ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ፣ ድሬ ላይ በአንሶላ የተኛ ሰው ቁንዱዶ ላይ ከ11 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ ሌሊት ይጠብቀዋል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል፤ የሐረማያን ጫትና ድንች የሚያቃጥለው ውርጭ የሚወርደውም እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። በበልግ ደመናው ብርዱን ያለዝበዋል፣ በምትኩ ዝናብ ያመጣል። በጥር ሐረር ግቢ ውስጥ ያላስተኛ ባግ በሚያዝያ ቁንዱዶ ላይ አያስተኛም።

ባጉ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ከውስጥ በኩል የተሰፋውን መለያ ፈልጉ። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ የኢኤን 13537 ወይም እሱን የተካው የአይኤስኦ 23537 ደረጃ ከሦስት የሙቀት ቁጥሮች ጋር ይገኝበታል። ኮምፎርት የሚለው ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ሙቀት ነው። ሊሚት ወንድ ተኮራምቶ ሊያድርበት የሚችለው ነው። ኤክስትሪም ግን ከነጭራሹ የመኝታ ቁጥር አይደለም፤ ሰውነት በብርድ የመጎዳት አደጋ እያለበት ለ6 ሰዓት ያህል ነፍስ የሚያቆይበት ወሰን ነው። ገበያ ላይ “ይሄ ከዜሮ በታች 10 ይችላል” ሲባል የሚነበበው ብዙ ጊዜ ይኸው የመጨረሻው ነው። ለሐረርና ለባቢሌ ኮምፎርቱ 5 ዲግሪ የሆነ ይበቃል፤ ለቁንዱዶና ለጋራ ሙለታ ተራሮች ዜሮ ፈልጉ። ቁጥሩ የተለካው ዕቃው አዲስ ሳለ መሆኑንም አትርሱ።

ዋናው ጉዳይ ሙሌቱ ነው። ቦንዳ በማሽን ተጨምቆ፣ ታስሮ፣ ወራት በኮንቴይነርና በመጋዘን ይከርማል። ሰው ሠራሹ ፋይበር እንዲህ ሲጨመቅ ታጥፎ ይቀራል፤ ቢታጠብም ቢራገፍም የድሮ ውፍረቱ አይመለስም። ዳውን የሚባለው ለስላሳ የዝይና የዳክዬ ላባ ግን ታጥቦ በደንብ ከደረቀ ይነሳል። አዲስ ሲገዛ ለጀማሪ የሚመከረው ፋይበሩ ነው፣ ምክንያቱም ቢረጥብም ጨርሶ አይከዳም። ከቦንዳ ሲሆን ምክሩ ይገለበጣል፤ የተጨማደደ፣ የሳሳ የሚመስለው ዳውን ወፍራም ከሚመስለው ፋይበር የተሻለ ግዢ ነው። ሻጩ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ዋጋው እንዲህ አይሆንም ነበር።

በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉት። ፋይበር እንደ ጥጥ ንጣፍ አንድ ላይ ይያያዛል፤ ዳውን ከእጅ ያመልጣል፣ አልፎ አልፎ ቀጭን የላባ አገዳ ይወጋል። ከዚያ አራግፋችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉትና ሩብ ሰዓት ተዉት። የላይና የታች ንብርብሩ ተደምሮ 10 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ ለደጋ ብርድ ተስፋ አታድርጉበት። ቀጥሎ ከፀሐይ ትይዩ ያዙት፦ ብርሃን ባዶውን የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ሌሊት ብርድ የሚገባበት ነው። ደረት ላይና እግር ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ባዶ ካለ ይቅርባችሁ፤ ጎን ላይ ከሆነ ላባውን በእጅ እየገፉ ማስተካከል ይቻላል።

ዳውኑ ቋጥሮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የላብና የቅባት ጉዳይ ስለሆነ ይታጠባል። በትልቅ ሳፋ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፤ በረኪና በፍጹም። አረፋው እስኪጠፋ 3 ወይም 4 ጊዜ አለቅልቁት። የረጠበ ዳውን ከባድ ነው፤ በአንድ ጫፍ አንጠልጥለው ካነሱት በውስጡ ያሉት መከፋፈያዎች ይቀደዱና ላባው ሁሉ ወደ እግር ይወርዳል። በሁለት እጅ ከሥር አቅፋችሁ አውጡት፣ ሳትጠመዝዙ ተጭናችሁ ውኃውን አስወግዱ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ አስጡት። ድሬ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። በየጥቂት ሰዓቱ እያገላበጣችሁ እብጠቱን በጣት ማፍረስ ግን ግድ ነው፤ ከላይ ደርቆ ከውስጥ የረጠበ ላባ ይሸታል፣ ያኔ መጣል ነው።

ዚፕ ምክንያት ሆኖ ባግ መተው የለበትም። አብዛኛው “ተበላሽቷል” የሚባል ዚፕ ጥርሱ ደህና ነው፤ ያለቀው የሚንሸራተተው ጭንቅላቱ ነው። በፒንሳ ጎኖቹን በስሱ ጠበቅ ማድረግ ለጊዜው ያሠራል፤ ለዘለቄታው ጭንቅላቱን ብቻ ማስቀየር ነው። ለዚህ ሥራ ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ማኪና ግርግር ይመረጣል፤ ከስፌት መኪናዎቹ ፊት የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ቆማችሁ እያያችሁ ይሠሩታል። በቀጭን መርፌና በፖሊስተር ክር እንዲሰፉ፣ ሙሌቱ ያለበትን ክፍልም እንዳይወጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ላባ በየቀዳዳው ሲወጣ ይከርማል።

ድንኳን ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውኃ የሚከለክለው ከጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተቀባው ስስ የፖሊዩሬቴን ንብርብር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል። የበሰበሰው ሲነካ ይጣበቃል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል፣ የትውከት ዓይነት ሽታም አለው። ይህ ሽታ ታጥቦ አይለቅም። ሻጩ “አቧራ ነው” ቢላችሁም ትታችሁ ሂዱ። ሽታ ከሌለው ጨርቁን አፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ ንፉ፤ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ዝናብም ያሳልፋል። መለያው ላይ ያለው የውኃ ዓምድ ቁጥር (ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚችለው የውኃ ከፍታ) ለጣሪያ 1,500 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ወለሉ ሰው የሚተኛበት፣ ጉልበት የሚያርፍበት ስለሆነ 3,000 እና ከዚያ በላይ ይሁን።

ዘንግ የሌለው ድንኳን አትግዙ፣ ርካሽ ቢሆንም። ልኩን ማግኘት ከድንኳኑ በላይ ያስወጣል። ፋይበርግላስ ዘንግ የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው ጋ ነው፤ በባዶ እጅ አትዳስሱት፣ ስንጥሩ ቆዳ ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀውን 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የብረት ቱቦ (የአሮጌ ቴሌቪዥን አንቴና ጥሩ ነው) አልብሶ በፕላስተር ማሰር ያስኬዳል። ውስጡ የላላ ላስቲክ ካለ በ3 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ይቀየራል።

ስፌቱ ግን አሁን፣ ዝናብ ሳይመጣ መታሸግ አለበት። ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ተክላችሁ ለ20 ደቂቃ በጎማ ውኃ እርጩበት፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከውስጥ የሚያንጠባጥበውን ስፌት በእስክሪፕቶ ምልክት ያድርግበት። ፖሊዩሬቴን የተቀባ ከሆነ የተላጠውን የስፌት ፕላስተር ልጣችሁ፣ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ በስሱ ቀቡት። በሁለቱም ገጽ የሚያንሸራትት፣ ሲሊከን የተቀባ ጨርቅ ከሆነ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ያለው ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሊከን ይሆናል፤ 1 እጅ ሲሊከን በ2 እጅ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አቅጥናችሁ በብሩሽ መቀባት፣ አንድ ቀን ማድረቅ፣ እንዳይጣበቅ ታልክ ፓውደር መነስነስ። ሁለቱን አታምታቱ። ፖሊዩሬቴን ላይ የተቀባ ሲሊከን ቶሎ ይላጣል፣ ከሲሊከን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አይዝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለባጉ ከያዛችሁት ቀንሳችሁ ለምንጣፍ አውሉ። የተኛንበት ሙሌት በክብደታችን ስለሚደፈጠጥ ከሥር የሚመጣውን ብርድ አይከላከልም። ውኃ የማይመጠው፣ ሳጥን ሳጥን የአየር ቋጠሮ ያለው የስፖርት ምንጣፍ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ለባቢሌ ይበቃል፤ ለቁንዱዶ ሁለት ደርቡ፣ ከሥር ካርቶን ጨምሩ። የፍራሽ ስፖንጅ ይሞቃል ግን እርጥበት ይጠጣል። ውስጡ ባዶ የሆነ የሚነፋ ፍራሽ ለድሬ በረንዳ ነው፤ ደጋ ላይ ከ9 ሰዓት ሌሊት በኋላ ያስነሳል። ጋቢ ከባጉ በላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ ደረቅ እንደሆነ ይለበስ፤ ከላይ ሲሆን ጤዛ ይጠጣና ክብደቱ ዳውኑን ይደፈጥጣል። የፈላ ውኃ በሀይላንድ ይዞ መግባትም አይሆንም፣ ፕላስቲኩ ይኮማተርና ይፈሳል፤ የብረት ኮዳ በካልሲ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይሁን። ከሰል ድንኳን ውስጥ ማስገባት ግን ፍም ብቻ ቢሆን እንኳ ይገድላል፣ ገዳዩ ጋዝ አይታይም አይሸትም።

ቦታ ስትመርጡ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለጥ ያለ ስለሆነ ያማልላል። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ጎርፎ ምን እንዳደረገ ድሬ ታውቃለች፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ሲዘንብ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ኮከብ ሊሆን ይችላል። ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ስለሆነ ያለ ፈቃድና ያለ ስካውት አይታደርም። ጫማ ውጭ አታሳድሩ፣ በተለይ ቆዳ፤ ሐረር አካባቢ ጅብ ሰው አይፈራም፣ ጠዋት አንድ እግር ጫማ ይዞ መውረድ አለ።

እስከዚያው ባጉን ጨምቃችሁ ከረጢቱ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ትልቅ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ለቀቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ድንኳኑን ቆርቆሮ ሥር ካለ ሙቅ ዕቃ ቤት አውጡት፣ የረጠበ ከሆነም በዚያው ቀን ዘርጉት፤ ታጥፎ በእርጥቡ ሁለት ሦስት ቀን ያደረ ጨርቅ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ እሱም አይለቅም።