በር ዘግቶ መጠበቅ ወይስ ደፍሮ መግጠም?

ኃያል ቡድን በፍጻሜ ይሸነፋል? በደንብ ይሸነፋል። ለኔ መንገዱ ሁለት ነው።

አንዱ በር መዝጋት ነው፤ ወደ ኋላ አፈግፍጎ መከላከል። ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሙኒክ ላይ ያደረገው ይሄንኑ ነበር። ባየርን በገዛ ሜዳው ነው የሚጫወተው፣ ኳሱም የእሱ ነው፣ የማዕዘን ምት ብቻ 20 አግኝቷል። ሙለር በ83ኛው ደቂቃ ሲያገባ በቃ አለቀ ተባለ። ከዚያ ቼልሲ የመጀመሪያውን የማዕዘን ምት አገኘ፤ ሁዋን ማታ አሻማ፣ ድሮግባ ወደ ቅርቡ ቋሚ ሮጦ በግንባሩ ገጨው፣ 88ኛው ደቂቃ ላይ መረብ ውስጥ! በጭማሪ ሰዓት የቼልሲው በረኛ ቼክ የባየርኑን ሮበን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፣ በመለያ ምትም ዋንጫው የቼልሲ ሆነ።

ሌላው ደፍሮ መግጠም ነው፤ ኤሲ ሚላን፣ አቴንስ፣ የ1994 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። የአሰልጣኝ ክሩይፍ ባርሴሎና በተከታታይ 4 ጊዜ የስፔን ሻምፒዮን ሆኖ ነው የመጣው። ሚላን ደግሞ ተከላካዮቹ ባሬዚና ኮስታኩርታ በቅጣት የሉም። አሰልጣኙ ካፔሎ ግን ወደ ኋላ አላፈገፈገም። ደሳይ መሃል ሜዳውን ተቆጣጠረ፣ ማሳሮ ከእረፍት በፊት 2 አገባ፣ ሳቪቼቪች ደግሞ ኳሷን ከቀኝ በኩል በበረኛው አናት ላይ አሳልፎ አስቀመጣት። ውጤቱ 4 ለ 0።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ዕድል ይፈልጋል፤ የሮበን ምት ብትገባ ኖሮ ዛሬ ስለ ሙኒክ የምናወራው ሌላ ታሪክ ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ እንደ ደሳይ ያለ ሰው ከሌለህ ክፍት ጨዋታ መጫወት በራስ ላይ መፍረድ ነው። ግሪክ በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሊዝበን ላይ በሯን ዘግታ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 የረታችው ይሄን አውቃ ነው።