ለኤሪትሮፖይቲን ደሜን የሰጠሁበት ላቦራቶሪ

ሄሞግሎቢኔ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ከመደበኛው አልፎ 18.7 ሲደርስ ሐኪሜ «ኤሪትሮፖይቲን ይለካ» ብለው ጻፉልኝ። ይህ ሆርሞን በዋናነት ከኩላሊት እየመነጨ የአጥንት መቅኔን ቀይ የደም ሴል እንዲያመርት የሚያዝ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ደሜ የበዛው ትእዛዙ በዝቶ ነው ወይስ መቅኔው ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ እየሠራ?

ደም የቀዳችልኝ ባለሙያ እጇ ቀላል ነው፤ መርፌው መግባቱን ያወቅሁት ሲወጣ ነው። የሆርሞኑ መጠን በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጠዋት እንድመጣ አስቀድመው መንገራቸውን ወድጄዋለሁ። ለፀጉሬ የምውጠውን ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ግን ማንም አልጠየቀኝም። አንዳንድ የመለኪያ ዘዴዎችን እንደሚያዛባ የነገሩኝ ሐኪሜ ናቸው፤ አቁሜው ከቀናት በኋላ ዳግመኛ ክንዴን ዘረጋሁ። ለዚህ ላቦራቶሪውን ገና ይቅር አላልኩትም።

ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ችግራቸው የእኔ ተቃራኒ ነው፤ በማይሎዲስፕላሲያ (መቅኔው ጤናማ የደም ሴል በበቂ የማያመርትበት በሽታ) ምክንያት ደም ያንሳቸዋል። ለእሳቸው ቁጥሩ ከ500 በታች ከሆነ የሆርሞኑ መርፌ የመሥራት ተስፋው ይሻላል። አንዱ ምርመራ ለሁለታችን ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራል።

ውጤቴ 1.9 ሆነ። ዝቅተኛ መሆኑን በቀይ አስምረው፣ የራሳቸውን መደበኛ ወሰን ከነመለኪያ አሃዱ ከጎኑ ጽፈዋል፤ ወሰኑ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝቅ ማለቱ ፖሊሲቴሚያ ቬራን፣ ማለትም መቅኔው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛበትን በሽታ፣ ስለሚያስጠረጥር አሁን ጃክ 2 (JAK2) የተባለው ዘረመል ምርመራ ታዝዞልኛል። ናሙናውን የምሰጠው እዚያው ነው፤ በዚህኛው ዙር ግን የምውጠውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ እሄዳለሁ።