ለእናቴ እግር የተሰፋው ጫማ፣ ደሴ

እናቴ ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። እግሯ ደንዝዟል። ነርሷ የእግር ስሜት የሚፈተሽበትን ባለ 10 ግራም የናይለን ክር ውስጥ እግሯ ላይ ስትጫን አንዱንም አልሰማችውም። አምና ከሌላ ቦታ የገዛሁላት ጫማ ውስጥ ሚስማር ወጥቶ ኖሮ፣ ቀኑን ሙሉ ረግጣው ዋለች። ያወቅነው ማታ ካልሲዋ ላይ ደም አይተን ነው። ቁስሉ እስኪድን ሦስት ወር ፈጀ።

ዘንድሮ ፒያሳ አካባቢ ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኳት። የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ወደ ማታ ትንሽ ስለሚያብጥ ጠዋት የተለካ ጫማ ሊጠብ ይችላል። ሰውዬው «አብሽሪ እማማ» ብሎ ሁለቱንም እግሯን ካርቶን ላይ አስቆመና በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረ። ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ተወላት። ሲጨርስ እጁን ውስጥ ከቶ ስፌቱን ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ልቤ ያረፈው ያኔ ነው።

ቀጠሮ አያከብርም፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሶሉም በደሴ ዝናብ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትት ነበር፣ በኋላ ጎማ ለጠፈበት። 1,800 ብር ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም።

መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የማስደርጋት። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ገልብጬ አራግፋለሁ። ማታ እግሯን አጥቤ በጣቶቿ መሃል አደርቃለሁ፣ ውስጥ እግሯን በባትሪ አያለሁ። እስካሁን አንድም የቀላ ቦታ አላገኘሁም። ባለፈው ቅዳሜ በእግሯ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄዳ ተመለሰች።